አቧራው በየት በኩል ይገባል? ስለ ሞተር የአየር ፊልትሮ ቤት አነዳደፍ

ይህ ጽሑፍ ጎንደር ውስጥ ለጋራዥ ባለሙያዎች፣ ለሾፌሮች፣ ለወፍጮ ባለቤቶችና ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን ጥላችሁ እንደመጣችሁ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ነገሬ እገባለሁ።

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል አድርጎ መተማ የሚገባ የጭነት መኪና ከ2,100 ሜትር ከፍታ ወደ 700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በሌላው አቅጣጫ ወደ ደባርቅ የሚሄደው ደግሞ እስከ 2,800 ሜትር ገደማ ወጥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ይወርዳል። የቆላው ሙቀት፣ የደጋው ስስ አየር፣ የሐምሌው ዝናብ፣ የመጋቢቱ አቧራ፣ ሁሉም ወደ ሞተሩ የሚያልፈው በአንድ ሳጥን በኩል ነው። ስለ ሞተር ዘይት እንከራከራለን፤ ስለ ኖዝል፣ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ቱርቦ ብዙ እናወራለን። ስለዚህ ሳጥን ግን የሚያወራ ብርቅ ነው። ፊልትሮ እንገዛለን፣ እናራግፋለን፣ እንቀይራለን፤ ፊልትሮው የሚቀመጥበትን ቤት ግን ልብ ብለን አናየውም። እኔ ደግሞ የማምነው በእኛ መንገድ ላይ ሞተር ያለ ዕድሜው የሚያረጀው አየሩን ከሚያጣራው የፊልትሮ ወረቀት ድክመት ይልቅ በቤቱ ድክመት እንደሆነ ነው። ይህን ቤት እዚሁ ከተማችን ውስጥ መመርመርም፣ መጠገንም፣ መሥራትም እንችላለን። ዛሬ የምሟገተው ለዚህ ነው።

ከስሌት እንጀምር። መንገዳችን ላይ እንደምናያቸው መካከለኛ የጭነት መኪናዎች ያለ፣ 4.6 ሊትር የሆነ ባለ አራት ምት የናፍጣ ሞተር ውሰዱ። ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚስብ በአንድ ዙር የሚደርሰው 2.3 ሊትር ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ እንደማይሞላ ቆጥረን 85 በመቶውን ብንይዝ፣ በደቂቃ ወደ 5,900 ሊትር ይመጣል። በሰዓት ሲሰላ 350 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አራት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው ሦስት ሜትር ከፍ ያለ ክፍል ውስጥ ያለውን አየር ይህ ሞተር በዐሥር ደቂቃ ጨርሶ ይስበዋል።

አሁን አቧራውን እንጨምርበት። ከፊት የሚሄደው ሲኖትራክ በጥርጊያ መንገድ ላይ አቧራውን አስነሥቶ ፊት ለፊት ምንም በማይታይበት ጊዜ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ግራም ገደማ አቧራ ይሸከማል። እንግዲህ ሞተራችን በሰዓት 350 ግራም አቧራ ወደ አፉ ይስባል ማለት ነው፤ ከሩብ ኪሎ ይበልጣል። የዚህ አቧራ ትልቁ ክፍል ሲሊካ ነው። የማዕድን ጥንካሬ ከአንድ እስከ ዐሥር በሚለካበት መስፈርት ሲሊካ ሰባት ላይ ይቆማል፤ ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር፣ ካሚሻው፣ የተሠራበትን ብረት ይፍቃል። በተለይ አደገኛው መጠን ከአምስት እስከ ሃያ ማይክሮን ያለው ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ስታስቡ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ይገባችኋል። በፋሻው፣ ማለትም በፒስተኑ ዙሪያ ባለው የብረት ቀለበት፣ እና በካሚሻው መካከል ያለው የዘይት ንጣፍ ስስ ስለሆነ ይህን የሚያህለው ብናኝ በዘይቱ ተሸፍኖ አያልፍም፤ ሁለቱን ብረቶች በአንድ ጊዜ እየነካ ይሞርዳቸዋል።

ውጤቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ዘይት ይጎድላል። ቀጥሎ በዘይት መሙያው በኩል ጭስ ይወጣል፤ ከዚያ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥራል። ሞተሩ ይወርዳል፣ ፋሻ ይቀየራል፣ ካሚሻ ይገባል፣ ብዙ ገንዘብ ይፈስሳል። ሥራው ሲያልቅ ያው የተጎሳቆለ የፊልትሮ ቤት፣ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደው ያው የተሰነጠቀ የላስቲክ ቱቦ፣ ማኒኮቶው፣ ተመልሶ ይታሰራል። ጭሱ ሲመለስ መካኒኩና ባለ ንብረቱ ይካሰሳሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጥፋተኛው ኮፈኑ ሥር ተቀምጦ ሳለ ሁለት ሰዎች ይጣላሉ።

ይህን የያዝኩትን ክዳን ተመልከቱ። ጠፍጣፋ ፊልትሮ ከሚይዝ የሚኒባስ ሳጥን ላይ የተነሣ ነው። ዙሪያውን የሚይዙት ክሊፖች አራት ነበሩ፤ ሁለቱ ተሰብረው በቦታቸው የማሰሪያ ሽቦ ገብቷል። ከላይ ሲያዩት የተዘጋ ይመስላል። ገልበጥ አድርጋችሁ ውስጡን፣ ንጹሕ መሆን የሚገባውን ወገን እዩት። ከጠርዙ ጠብቦ ተነሥቶ ወደ መሃል እየሰፋ የሚሄድ ቡናማ የአቧራ ዱካ አለ። ዱካው እጅግ የጠበበበት ነጥብ አቧራው የገባበት በር ነው። አሁን አውራ ጣታችሁን የፊልትሮው ዙሪያ ላስቲክ ላይ ተጫኑ። አይሰረጉድም፤ በሙቀት ደርቋል። እዚህ ቦታ ላይ ያለውን ክፍተት ስለካው አንድ ሚሊሜትር በሃያ ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ አገኘሁት። ጥፍር የማያስገባ ነገር ነው።

ይህችን ክፍተት ወደ ቅድሙ ሞተር እንውሰዳትና እናስላ። በመጠኑ የቆሸሸ ፊልትሮ በሁለቱ ወገኖቹ መካከል የሦስት ኪሎፓስካል የግፊት ልዩነት ይፈጥራል እንበል። በዚህ ልዩነት አየር በክፍተቱ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሃያ ካሬ ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ የመጥበቡን ኪሳራ ቀንሰን፣ በሰከንድ አንድ ሊትር ያህል አየር ሳይጣራ ይገባል። ሞተሩ በጠቅላላው የሚስበው በሰከንድ 97 ሊትር ነው፤ ስለዚህ አንድ በመቶ መሆኑ ነው። አንድ በመቶ ትንሽ ይመስላል። ደኅና የሆነ ወረቀት 99.9 በመቶ ያጣራል፤ ከ350 ግራሙ የሚያመልጠው 0.35 ግራም ነው። በክፍተቱ በኩል የሚገባው ግን 3.5 ግራም ይሆናል። ጥፍር በማታስገባው ክፍተት ምክንያት ሞተሩ የሚውጠው አቧራ ከዐሥር እጥፍ በላይ ጨመረ። በዓለም ላይ ምርጥ የሚባለውን ፊልትሮ ብትገዙ ይህን ሒሳብ አይለውጠውም። እንዲያውም ፊልትሮው እየቆሸሸ በሄደ ቁጥር የግፊት ልዩነቱ ስለሚጨምር በክፍተቱ የሚገባው አየር አብሮ ይጨምራል።

በትራክተሮችና በአሮጌ የጭነት መኪናዎች ላይ ከዚህ የባሰ አለ። ክቡ ፊልትሮ በመሃሉ በሚያልፍ ረጅም ቡሎንና በጣት በሚጠብቅ ባለ ክንፍ ዳዶ ይታሰራል። ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ንጹሑ ወገን ይገባል። ቀዳዳውን የሚዘጋው ከዳዶው ሥር ያለችው ባለ ላስቲክ ራንዴላ ብቻ ናት። ይህች ራንዴላ ፊልትሮ ሲቀየር ትወድቃለች፤ ሣር ውስጥ ትጠፋለች፤ በቦታዋ ተራ የብረት ራንዴላ ይገባል፤ አንዳንዴም ምንም አይገባም። ቡሎኑ ስምንት ሚሊሜትር፣ ቀዳዳው ዐሥራ ሁለት ሚሊሜትር ቢሆን በዙሪያው የሚቀረው ክፍተት ከ60 ካሬ ሚሊሜትር ይበልጣል። የቅድሙ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። በመተማና በሑመራ የሰሊጥ እርሻ ላይ ራሱ ባስነሣው አቧራ ውስጥ የሚውል ትራክተር ይህች ራንዴላ ሳትኖረው ሲሠራ ማየት ያሳዝናል።

ስለዚህ ነዳፊ የመጀመሪያ ሐሳቡን ማሳረፍ ያለበት በማሸጊያው ላይ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ላስቲኩን በክዳኑና በሳጥኑ መካከል ማጨቅ ነው። ይህ የሚሠራው ክዳኑ እኩል ሲጫን ብቻ ነው። ረጅም ጎን ያለው አራት ማዕዘን ክዳን በክሊፕና በክሊፕ መካከል ይነሣል፤ ስለዚህ ወይ ክሊፖቹን ማቀራረብ፣ ወይ ክዳኑን በጎድን ማጠንከር፣ ወይ ቅርጹን ክብ ማድረግ ያስፈልጋል። ላስቲኩ ምን ያህል እንደሚጨመቅ መወሰን ያለበት ብረት ከብረት የሚገናኝበት ማቆሚያ ነው፤ ለመካኒኩ ጉልበት ከተተወ አንዱ ያላላዋል፣ ሌላው ያደቅቀዋል። ሁለተኛው መንገድ ፊልትሮው ራሱ በጫፉ ባለው ለስላሳ ቀለበት የመውጫ ቱቦውን ጨምድዶ እንዲይዝ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ክዳኑ ቢላላም ማሸጊያው አይላላም። ለእኛ መንገድና ለእኛ ንዝረት ይህ ሁለተኛው እጅግ ይሻላል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላውን እንዲመርጥ አልመክርም።

እዚሁ ላይ ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። ጥሩ ቤት ፊልትሮው በትክክል ካልተቀመጠ ክዳኑ እንዳይገጥም ተደርጎ የሚነደፍ ነው። ማታ፣ በባትሪ ብርሃን፣ በደከመ እጅ ፊልትሮ የሚቀይር ሰው አለ። ቤቱ ስሕተቱን ወዲያው የሚያሳየው ከሆነ ሞተሩ ይድናል። ውስጠኛው ሁለተኛ ፊልትሮም ያለው ለዚሁ ነው፤ ዋናው ሲወጣ አቧራ ወደ ቱቦው እንዳይረግፍ ይጠብቃል። እሱን እያወጡ በአየር መንፋት ጨርሶ አይገባም፤ ጊዜው ሲደርስ መቀየር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ አፍ እንምጣ። ከወረቀቱ በፊት አብዛኛውን አቧራ መጣል የሚችል ቤት የወረቀቱን ዕድሜ ያራዝመዋል። አየሩ በቀጥታ ፊልትሮውን እንዲመታ ከማድረግ ይልቅ ክብ በሆነው ቤት ጎን ታክኮ ቢገባና ቢሽከረከር ከባዱ ብናኝ ወደ ግድግዳው ይወረወራል። አየሩ በሰከንድ ሃያ ሜትር ፍጥነት ገብቶ ዐሥር ሳንቲሜትር በሆነ ሬዲየስ ሲዞር በብናኙ ላይ የሚያርፈው ኃይል የመሬት ስበት 400 እጥፍ ነው። ግሩም ነገር ነው፤ የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም፣ የሚቀየር ዕቃ የለውም። ነገር ግን ፍጥነቱ ወደ አምስት እጅ አንድ ሲወርድ ኃይሉ ሃያ አምስት ጊዜ ይቀንሳል። አንዳንድ ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ በደንብ እንዲተነፍስ ተብሎ የመግቢያው አፍ ተቆርጦ ሲሰፋ አይቻለሁ። አፉ ሲሰፋ ሽክርክሪቱ ይሞታል፤ አቧራው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ ፊልትሮው በቶሎ ይደፈናል፤ ሞተሩም ከበፊቱ የባሰ ይታፈናል።

ወደ ግድግዳው የተወረወረው አቧራ ወደ ታች ይንሸራተትና በቤቱ ሥር ባለች የላስቲክ ከንፈር በኩል ይወጣል። ይህችን ዕቃ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ሞተሩ በኃይል ሲስብ ሁለቱ ከንፈሮች ይገጥማሉ፤ ሞተሩ ረገብ ብሎ በዝግታ ሲሠራ ይከፈቱና አቧራውንም ውኃውንም ይጥላሉ። ከንፈሯ ስትጠፋ አየር ከሥር ወደ ላይ ይሳባል፤ የወረደውን አቧራ መልሶ ያነሣዋል። ደርቃ ወይም በጭቃ ተዘግታ ስትቀር ደግሞ ቤቱ ሥሩ ድረስ በአቧራ ይሞላል። ጠዋት ጠዋት በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጎ መልቀቅ በቂ ነው። ሌላም አለ፤ ከአንድ መኪና የተነቀለ ቤት ሌላ መኪና ላይ ሲገጠም ዞሮ ይታሰራል። ከንፈሯ ወደ ጎን ከዞረች የለችም ማለት ነው። ቤቱን ስትነድፉም ስትገጥሙም ቦታዋ ከሥር፣ አፏም ወደ መሬት ይሁን።

የፊልትሮ ቤት ነገር ከተነሣ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ስፒትፋየር የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ወደ ሰሜን አፍሪካ በረሃ ሲያመጡ ቮክስ የተባለውን የአየር ማጣሪያ ከአፍንጫው ሥር ገጠሙለት። አሸዋውን ይይዛል። ቤቱ ግን ትልቅና ወደ ታች ያበጠ ስለነበረ የአውሮፕላኑን ፍጥነትና ወደ ላይ የመውጣት አቅሙን ቀነሰው። ግብፅ ውስጥ፣ ከእስክንድርያ ብዙ በማትርቀው አቡኪር የነበረ የጥገና ክፍል ያንኑ ሥራ የሚሠራ፣ ያነሰና ነፋሱን የማይገታ ቅርጽ ያለው ቤት ሠራ። ከዚያ በኋላ በቦታው ስም የአቡኪር ፊልትሮ ተባለ። ይህን ያደረጉት የጥገና ሰዎች ናቸው። በእጃቸው ያለውን አቧራ፣ በእጃቸው ያለውን ሞተር ያውቁ ነበር። የጎንደር መካኒክም የጎንደርን አቧራ ያውቃል።

ወደ ወረቀቱ ስፋት ልለፍ። ወረቀቱ በደንብ የሚያጣራው አየሩ በዝግታ ሲያልፍበት ነው። በሰከንድ አምስት ሳንቲሜትር እንዲያልፍ ብንፈልግ፣ ለ97 ሊትሩ ወደ ሁለት ካሬ ሜትር የሚጠጋ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ የሚታጠፈው ይህን ሁሉ ስፋት በትንሽ ቦታ ለማስገባት ነው። ገበያ ላይ ከውጭ ሲታዩ ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ፊልትሮዎች አሉ፤ ዋጋቸው ይለያያል። ከመግዛታችሁ በፊት እጥፋቶቹን ቁጠሩ፣ ጥልቀታቸውንም ተመልከቱ። ግማሽ እጥፋት ያለው ፊልትሮ ግማሽ ወረቀት ነው ያለው። ቁመቱንም ከአሮጌው ጋር አስተያይታችሁ ለኩ፤ ሁለት ሚሊሜትር ያጠረ ፊልትሮ ክዳኑ ሲዘጋ ማሸጊያውን አይነካም።

ከፍታችን እዚህ ላይ ይመጣል። ጎንደር ላይ የአየር ግፊት 79 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 101 ነው። ሞተሩ የሚስበው የአየር መጠን ያው ሆኖ ክብደቱ ግን ከአምስት እጅ አንድ በላይ ቀንሷል። ሞተሩ ገና ሳይነሣ ይህን ያህል ኦክስጅን ተነፍጎታል። የብዙ ናፍጣ ሞተሮች የፊልትሮ መቀየሪያ ወሰን ስድስት ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ስድስት ከ101 ላይ ስድስት በመቶ ነው፤ ከ79 ላይ ግን ሰባት ተኩል በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ለደጋ የሚሠራ ቤት ሰፋ ያለ ወረቀት እንዲይዝ ቢደረግ ትርፉ ጉልህ ነው።

ይህን ግፊት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ብዙ ቤቶች ላይ ፊልትሮው መደፈኑን የሚጠቁመው ምልክት ተሰብሮ ቀዳዳው በቡሎን ተደፍኗል። ያንን ቡሎን ፍቱትና ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ግጠሙበት። ቱቦውን ወደ ታች አውርዳችሁ መልሳችሁ ወደ ላይ በማጠፍ ከሜትር ጋር ጣውላ ላይ እሰሩት፤ ግማሹን ያህል ቀለም ያለው ውኃ ሙሉት። ከላይ በኩል ቱቦው ረዘም ይበል፤ ውኃ ወደ ሞተር እንዳይሳብ። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ የሁለቱ ውኃዎች ከፍታ ልዩነት 250 ሚሊሜትር ከሆነ ሁለት ተኩል ኪሎፓስካል ነው፤ 600 ሚሊሜትር ከደረሰ ፊልትሮውን ቀይሩ። ከዚያ በፊት አትንኩት። አዲስ ፊልትሮ ከሰነበተው ያነሰ ያጣራል፤ ወረቀቱ ላይ የተጋገረው አቧራ ራሱ ያግዘዋልና። በየሁለት ቀኑ አውጥቶ ጎማ ላይ ማራገፍ ጫፉን ያጣምመዋል፣ ማሸጊያውን ያበላሸዋል። በጋራዥ ኮምፕሬሰር ሙሉ ግፊት መንፋት ወረቀቱን ይበሳዋል፤ በቤንዚን ማጠብ ደግሞ ወረቀቱን ያጠነከረውን ሙጫ ያሟሟዋል። የግድ የሚነፋ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከሁለት ባር ሳይበልጥ፣ አፈሙዙን አርቆ ይሁን። ከዚያ ጨለማ ውስጥ አምፖል ወደ ውስጡ አስገቡና ብርሃን የሚያፈስስ ነጥብ ካለ ጣሉት።

አየሩ ከየት ይወሰድ ለሚለው አጭር መልስ አለኝ፦ ከፍ ካለ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከጎማ ከራቀ ቦታ። አየር በሦስት ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ክብደቱ አንድ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። መተማ ላይ ውጪው 40 ዲግሪ ሆኖ ከራዲያተሩ ኋላ 70 ዲግሪ የሆነውን አየር የሚስብ ሞተር ዘጠኝ በመቶ ያህል ይከስራል። በክረምት ደግሞ ውኃ አለ፤ አፉ ወደ ላይ ተከፍቶ የሚቆም ቱቦ ዝናብ ይቀበላል፤ ክዳን ይኑረው ወይም አፉ ወደ ታች ይዙር።

ከፊልትሮው በኋላ ስላለው መንገድ ግን ደግሜ ደጋግሜ እናገራለሁ። በማኒኮቶው ስንጥቅ በኩል የሚገባ አቧራ ከሞተሩ የሚያግደው ምንም ነገር የለም። ማኒኮቶ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው በሥሩ በኩል ነው፤ ከላይ ቆሞ የሚያየው ሰው አያገኘውም። አውጥታችሁ እጠፉት፤ ስንጥቁ ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል። ማኒኮቶውን ዙሪያውን የሚያጠብቀው ማሰሪያ፣ ፋሼታው፣ የሚቀመጥበት የብረት ቱቦ ጫፍ ላይ ከፍ ያለ ጠርዝ ከሌለው ማኒኮቶው በንዝረት ይወጣል። ላሜራ የሚበይዱ ወንድሞቼ ይህን ጠርዝ አትርሱ። ከብየዳ በኋላም የንጹሑን ወገን ውስጥ እስከ መጨረሻው ሞርዱት፤ የብየዳ ፍርፋሪ ወይም የተላጠ ቀለም ከተላቀቀ ቀጥታ ወደ ቱርቦው ነው የሚሄደው። ለመያዣው አንድ ሚሊሜትር ተኩል ላሜራ ይበቃል፤ ቤቱ ግን በጠንካራ ቡሎን ብቻ ሳይታሰር በመካከሉ ላስቲክ ይግባበት፤ አለበለዚያ በብየዳው ጫፍ ይሰነጠቃል።

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄዎች ተነሥተው ነበር። ሁለቱን ብቻ እዚህ አቀርባለሁ።

አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ «መምህር፣ የፊልትሮውን ሳጥን ካወጣሁ በኋላ ባጃጄ ድምፁ ጎላ፤ ጉልበትም የጨመረ መሰለኝ። ምን ጉዳት አለው?» ሲል ጠየቀ። የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። ወንድሜ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ሞተር የሚስበው በየሁለት ዙሩ አንዴ፣ በድንገት ነው። ሳጥኑ ለዚያች ቅጽበት የሚሆን የተረጋጋ አየር ያስቀምጥለታል። ካርቡሬተሩም የተስተካከለው ሳጥኑ ባለበት ሁኔታ ነው። ሳጥኑ ሲወጣ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። የጎላው ድምፅ ቀድሞ ሳጥኑ ያፍነው የነበረው የመሳቢያ ድምፅ ነው። ጉልበት አይደለም። አቧራው ደግሞ በቀጥታ እየገባ ነው፤ ዛሬውኑ መልሰው።

ሁለተኛዋ ጠያቂ ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ የእህል ወፍጮ ያላቸው እናት ነበሩ። «ሞተሩም ወፍጮውም በአንድ ክፍል ነው። ፊልትሮውን ባጸዳው ባጸዳው ዱቄት ይሞላዋል። ሞተሩን ወደ ሌላ ክፍል ለማዛወር አቅም የለኝም። ምን ላድርግ?» አሉኝ።

እናቴ፣ ሞተሩን አያዛውሩት፤ አፉን ያዛውሩት። ግድግዳውን ብስተው አየሩን ከውጭ ያምጡለት። ሞተርዎ 1.4 ሊትር ገደማ ሆኖ በደቂቃ 650 ጊዜ የሚዞር ከሆነ በአማካይ የሚስበው በሰከንድ ስድስት ሊትር ተኩል ነው። የሚስበው ግን ከጊዜው ሩቡን ብቻ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት በአማካይ 26 ሊትር፣ ፒስተኑ እጅግ በሚፈጥንበት መሃል ላይ ደግሞ 40 ሊትር ያህል በሰከንድ ይጎትታል። ቧንቧው ለዚህ ይመጠን፤ ባለ ሦስት ኢንች ቧንቧ ይበቃል፣ ከዚያ የጠበበ አይቀበሉ። የውጪው አፍ ከመሬት ሁለት ሜትር ከፍ ይበል፣ ወደ ታች ይዙር፣ የወንፊት ሽቦ ይኑረው፤ ከጭስ ማውጫውና ዱቄት ከሚወጣበት በር በተቃራኒ ወገን ይሁን። ፊልትሮው ዘይት ያለበት ዓይነት ከሆነ ውኃ ልክ ተስተካክሎ ይቀመጥ፤ ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ፈጽሞ አይሞላ፤ ከበዛ ሞተሩ ዘይቱን እንደ ናፍጣ ስቦ ከቁጥጥር ውጭ ሊበርር ይችላል። ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለው ማኒኮቶ አጭር ይሁን፤ በሁለቱም ጫፍ ፋሼታ ይታሰርበት። ቧንቧው በግድግዳው የሚያልፍበትን ዙሪያ በሲሚንቶ ይድፈኑ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ማታ ማታ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ማኒኮቶውን ፈትተው ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ዱቄት ይዞ ከወጣ አንዱ ፋሼታ አልያዘም ማለት ነውና መካኒኩን ይጥሩት።